የመድኃኒት ርክክብ፦ የደረሰን ዕቃ በባርኮድ ከግዢ ትዕዛዝ ጋር ማመሳከር

ወደ መንግሥት ጤና ተቋም የሚደርስ መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ መጋዘን ከመግባቱ አስቀድሞ በግዢ ትዕዛዙ ላይ ከሰፈረው ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ማመሳከሩ በአግባቡ ሲከናወን ታካሚው የታዘዘለትን መድኃኒት ከተቋሙ ፋርማሲ ያገኛል። ሲጓደል ግን በመዝገብ ላይ ያለ፣ በመደርደሪያ ላይ ግን የሌለ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ለመሄድ ይገደዳል።

በደብረ ማርቆስና አካባቢው

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚላክ ጭነት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ሞቃታማው የዓባይ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። በመሆኑም ዕቃው በሚራገፍበት ዕለት የቁጥሩን ያህል የደረሰበትን ሁኔታ መመርመር ያስፈልጋል። ከፊርማ በፊት የተገኘ ጉድለት በዕለቱ በሰነድ ይያዛል፤ ከፊርማ በኋላ የተገኘ ግን ተረካቢውን ለክርክር፣ ታካሚውን ለእጥረት ይዳርጋል።

ባርኮዱ የሚይዘው መረጃ

ዳታማትሪክስ የተሰኘው ነጠብጣባማ ባለ አራት ማዕዘን ባርኮድ በዓለም አቀፉ የጂ.ኤስ.ዋን ሥርዓት መሠረት በመድኃኒት እሽግ ላይ ሲታተም የሚከተሉትን መረጃዎች ሊይዝ ይችላል፦

• ባለ 14 አኃዝ የምርት መለያ ቁጥር
• የባች ቁጥር
• የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ቀን
• የእሽጉ ተከታታይ ቁጥር

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. የግዢ ትዕዛዙና የአቅራቢው ማስረከቢያ ሰነድ ጎን ለጎን ይቀርባሉ።
2. ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት ያለባቸው እንደ ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች በቅድሚያ ተመርምረው ወደ ማቀዝቀዣ ይገባሉ።
3. ካርቶኖች ይቆጠራሉ፤ የተቀደደ፣ የራሰ ወይም የተከፈተ ካርቶን ለብቻው ይቀመጣል።
4. ባርኮዱ በስካነር ይነበባል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬ፣ የእሽግ ዓይነትና የባች ቁጥር ከሰነዶቹ ጋር ይመሳከራል።
5. ልዩነት ከተገኘ ተመዝግቦ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙበታል።
6. የገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም ሞዴል 19፣ በትክክል ለደረሰው መጠን ብቻ ይቆረጣል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ስካነር የተጻፈውን እንጂ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን አይቆጥርም። መቶ እሽግ የሚል መለያ ያለበት ካርቶን ዘጠና ስድስት ብቻ ይዞ ቢመጣ ጉድለቱ የሚታወቀው በእጅ ቆጠራ ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በባርኮዱ ላይ ቀኑ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰፍራል። ለምሳሌ 270531 ማለት ግንቦት 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን የ2027 ዓ.ም. አድርጎ የመዘገበ ተቋም ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለዓመታት እንደ ደኅና ሊይዘው ይችላል።

ለተገልጋዮች ያለው ጥቅም

በርክክብ ወቅት የተመዘገበው የባች ቁጥር፣ አንድ መድኃኒት ከአገልግሎት እንዲሰበሰብ ሲወሰን የት እንዳለ ለማወቅ ያስችላል። ተገልጋዮችም መድኃኒት ሲረከቡ የማብቂያ ቀኑንና የእሽጉን ደኅንነት ማየት ይጠበቅባቸዋል። የሚያጠራጥር ነገር ሲያጋጥማቸው መድኃኒቱን ሳይወስዱ ለፋርማሲ ባለሙያው ማሳየት፣ ወይም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ። ጥቆማው የባች ቁጥሩን ቢያካትት ለማጣራት ሥራው ይረዳል።