ከአዳብና እስከ ጉብሬ፤ ወንድና ሴት በቍጥር በማይመጣጠኑበት ስፍራ የወጣቶች መተጫጨት

በአንድ ስፍራ ወንዱ ወይም ሴቱ ሲበዛ የወጣቶች መተያየት መልኩን እንደሚለውጥ የጉራጌ አገር ታሪክ ደኅና አድርጎ ያስረዳል። አገሩ በምኒልክ ዘመን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከተጠቃለለ ወዲህ ግብር በገንዘብ መከፈል ስለ ጀመረ፥ ጎልማሳው ወደ አዲስ አበባ እየሄደ በቀን ሥራ፥ ኋላም በንግድ ተሠማራ። እንሰቱን እየፋቀች፥ ቆጮውን በጕድጓድ እየቀበረች ቤት የምትጠብቀው ሴቲቱ ነበረች። ስለዚህም ቀየው አብዛኛውን ዓመት የሴቶች፥ የሽማግሌዎችና የሕፃናት ሆኖ ይከርም ነበር።

የሄዱት የሚመለሱት ለመስቀል ነው። ከቡታጅራ በስተሰሜን በሚገኘው በክስታኔ አገር ይህን በዓል አዳብና ይከተለዋል፤ ይኸውም ልጃገረዶችና ጐረምሶች አጊጠው በየገበያው ስፍራ ተሰብስበው እየዘፈኑና እየጨፈሩ የሚተያዩበት ጨዋታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ወገኖች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም በዘመድና በጎረቤት ፊት ነው። ጐረምሳው ቢያጠፋ የማን ልጅ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴቲቱ በምርጫዋ ነጻ ነበረች ማለት አይቻልም። በሰባት ቤት ጉራጌ ባሏን ትታ የወጣች ሴት፥ እርሱ ካልለቀቃት በቀር አንቂት በሚባለው ሥርዓት ታስራ ሌላ ባል ለማግባት አትችልም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቃቄ ወርድወት ይህንኑ በመቃወም ሴቶችን አስከትላ የጆካ ሸንጎ ፊት እንደ ቀረበች በአፈ ታሪክ ይነገራል። ወንዶች ለወራት በማይገኙበት አገር እንኳ ሕጉን የያዙት ወንዶች ነበሩ፤ የወርድወትም ክርክር ከዚህ ጋር ነበር።

በከፍተኛ ትምህርት ቤት ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሴቶቹ ተማሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጥቂት መሆን ተፈላጊ ያደርጋል እንጂ ባለ ሥልጣን አያደርግም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሊታይ በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ እንቍላል ተወረወረ፥ ወደ ትርዒቱ የመጡ ሴቶች ተገፉ፥ ተዘለፉ፤ ነገሩም እስከ ዩኒቨርሲቲው መዘጋት ደረሰ። ምክንያቱ የባዕድ ልማድን መከላከል ነው ቢባልም፥ ሴት ምን ትልበስ የሚለውን የወሰነው በቍጥር የበዛው ወንድ ነበር። የለውጥ ዐርበኛ በሆነው ትውልድ መካከል ይህ መታየቱ ሊታለፍ የማይገባ ነው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በጉብሬ ሥራ ሲጀምር፥ የወንዱ መብዛት ወርድወት ወደ ተሟገተችበት አገር ገባ ማለት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ሲወሰን ቍጥራቸው ቢጨምርም፥ «በችሮታ የገቡ» የሚል ሐሜት ተከተላቸው። ነባሩ ተማሪ ለአዲስ ገቢዋ ማስታወሻ ደብተር ማዋስን፥ ማስጠናትን እንደ መተጫጫ መንገድ ይይዛል፤ የእርሷ እንቢታም ውለታ እንደ መርሳት ሊቈጠር ይችላል። ተማሪው ከየክፍለ አገሩ ተመድቦ የመጣ ስለ ሆነ የጋራ ገበያ፥ የጋራ ዘመድ፥ «የማን ልጅ ነህ» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ በግቢው ውስጥ የለም። የአዳብና ዓይን ጠባቂም ተቈጣጣሪም ነበር፤ በግቢው ልጅቱ ከቍጥጥሩ ስትወጣ ጥበቃውንም አብራ አጣች።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም ደንግጓል። ስለ መተጫጨቱ ግን ሕጉ ዝም ይላል፤ ይህን የሚመለከተው በየዩኒቨርሲቲው ያለው የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት ነው። ወርድወት የጆካ የሄደችው ሴቶችን አስከትላ ነበር፤ ተማሪዪቱ ግን ወደዚያ ጽሕፈት ቤት የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነው።