ድምፅ የሰጠ ሕዝብ ይጸጸታልን? የ1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔና የጨፋ ሸለቆ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት የታሪክ ገጽ ለእኛ ሲሰጠን፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ጥንት ጦርነቶች፣ ሌሎቹም ስለ ቦርከና ወንዝና ስለ ጨፋ ረግረግ መጻፍ ወደው ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ተስማማን። ጥያቄውም፦ አንድ ሕዝብ ከባድ በሆነ የአገር ጉዳይ ላይ ተጠይቆ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ ድምፁን ከሰጠ በኋላ፣ ዓመታት ሲያልፉ በመረጠው ነገር ይጸጸታል ወይስ አይጸጸትም? የሚል ነው።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከከሚሴ፣ ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ፣ ከደዌ ሐረዋና ከባቲ ለመጣነው ተማሪዎች ነገሩ የቤታችን ነገር ነው። የብዙዎቻችን አያቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአንድ ቀን ተጠይቀዋል። ያም ቀን ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ዞን አልተቋቋመም፤ ከሚሴና አካባቢዋ በወሎ ክፍለ ሀገር በቃሉ አውራጃ፣ የጅሌ ጥሙጋ አገር ደግሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ውስጥ ነበሩ። ጥያቄው ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ አዲሱን የሕገ መንግሥት ረቂቅ ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም?

ከዚያ በፊት አገራችን ሁለት የተጻፉ ሕገ መንግሥታት ነበሯት። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጡ እንጂ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቃቸው አይደሉም። ከዚያ በኋላ የመጣውም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሕገ መንግሥት ጉባኤ ጸደቀ እንጂ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም። ስለዚህ በመላ ኢትዮጵያ የተደረገ ሕዝበ ውሳኔ የ1979ኙ አንድ ብቻ ነው። ስለ መጸጸት በአገራችን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ሊጀምር ይገባዋል ያልነውም ስለዚህ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነበር። በ1978 ዓ.ም. 343 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር 120 አንቀጾች ያሉት ረቂቅ ይፋ ሆነና አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ታደለ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ በመላ አገሪቱ ሃያ አምስት ሺህ በሚያህሉ ቦታዎች ሕዝቡ እየተሰበሰበ ተወያየበት። አንዳንዱ ካድሬ ቀስቅሶት፣ አንዳንዱም በገዛ ፈቃዱ ሄደ። ከአምስት መቶ ሺህ በላይ የማሻሻያ አሳብ ቀረበ ተብሎ በመንግሥት ተነገረ። ኮሚሽኑ የተቀበለው 95ቱን ሲሆን፣ ከነዚህም አብዛኞቹ የቃላት ማስተካከያ ነበሩ። አምስት መቶ ሺህ ቀርቦ ዘጠና አምስት መቀበል፣ በእኛ አስተያየት፣ ከጠያቂው ይልቅ ስለ ተጠያቂው ብዙ ይናገራል፤ ሕዝቡ ዝም አላለም ነበርና።

ሕዝቡ በምን ላይ ተናገረ? ስለ ፓርቲው መሪነትና ስለ ማዕከላዊ ዕቅድ ብዙ አልተከራከረም። የተከራከረው ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ምርጫ አካሄድና ስለ ጋብቻ ነው። ከሁሉም የበለጠውን ቁጣ ያስነሣው ከአንዲት ሚስት በላይ ማግባትን የሚከለክለው የረቂቁ ክፍል ሲሆን፣ ቁጣውም በሙስሊሙ ሕዝብ ዘንድ ነበር። የሸለቆአችን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ይህ ነገር እዚህ ከሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ ወሬ ሳይሆን የቤትና የሸሪዓ ጉዳይ ነበረ። (በዚህ አንቀጽ ላይ ከመካከላችን ያሉት እኅቶቻችን ያላቸው አሳብ ከወንዶቹ የተለየ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ አይለቁንም። ረቂቁን ማን ጻፈው ሳይሆን ምን ይላል ተብሎ ይመርመር ነው የሚሉት። ክርክሩ ገና አላለቀም።)

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው የጋብቻውን አንቀጽ ሊጠላና የመሬቱን ሊወድ ይችላል። የድምፅ መስጫው ቀን ሲደርስ ግን ለየአንቀጹ መልስ የሚሰጥበት መንገድ የለም። ሁሉንም ጠቅልሎ ይቀበላል፣ ወይም ሁሉንም ጠቅልሎ ይጥላል። በገበያ ቢሆን፣ ለምሳሌ በባቲ የሰኞ ገበያ፣ ገዢው ከመንጋው መካከል አንዷን ፍየል መርጦ ሌላዋን ይተዋል፤ በሕዝበ ውሳኔ ግን መንጋው በሙሉ ይገዛል ወይም በሙሉ ይቀራል። ስለዚህ ኋላ «ተጸጸትህ ወይ?» ብንለው፣ በየትኛው? ብሎ ሊመልስልን ይችላል።

የጊዜውንም ሁኔታ መዘንጋት አይገባም። ድምፁ የተሰጠው ከ1977ቱ ታላቅ ረሃብ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ባቲ በዚያ ረሃብ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የተጠለለባት የእርዳታ ጣቢያ ነበረች። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው በሠፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ነበርና፣ ከወሎ ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ እሑድ ቀን የተገኙት ተወልደው ባደጉበት ቀዬ አልነበረም። በኤርትራና በትግራይ ድምፅ የተሰጠው በከተሞች ብቻ ሲሆን፣ በወሎና በጎንደር አንዳንድ ቦታዎችም የተሰጠው በጠበቀ የጸጥታ ጥበቃ መካከል ነበር። የልጆቹን ቀብር ጨርሶ የተመለሰ ገበሬ ስለ 120 አንቀጾች ምን ያህል ለማሰብ ጊዜ ነበረው? የእርዳታ እህልና ዘር በማን እጅ እንደሚታደል የሚያውቅ ሰውስ «አልስማማም» ለማለት ምን ያህል ይደፍራል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተነገረ። ድምፅ ለመስጠት ከሚችለው 14 ሚሊዮን ሕዝብ ከመቶ 96 እጅ ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶ 81 እጅ ተስማማ፤ ከመቶ 18 እጅ ተቃወመ፤ አንድ እጅ ያህሉ ተበላሸ ተባለ። የካቲት 15 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸና፤ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክም ታወጀ። በሰኔ ወር 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ በጳጉሜም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከዚህ ቁጥር ውስጥ እኛን ያስገረመን 81ዱ ሳይሆን 18ቱ ነው። በሒሳብ ክፍል እንደተማርነው ብናሰላው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። ካድሬው በየደጁ ባለበት አገር፣ በመንግሥት በራሱ አፍ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው «አልስማማም» አለ። እነዚህ ሰዎች በየትኛው ቀበሌና በየትኛው ገበሬ ማኅበር እንደነበሩ ስማቸውን የጻፈው የለም። ስለ መጸጸት ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው ያሸነፈውን ወገን ነው፤ የተሸነፈውም ወገን አብሮ በዚያው ሕግ ሥር እንዳደረ እንረሳለን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እነዚያ 81ዱ እጅ ተጸጸቱን? በኢትዮጵያ ዳግመኛ የጠየቃቸው ስላልነበረ፣ መልሱን በድምፅ ኮሮጆ ውስጥ ልናገኘው አንችልም። ነገር ግን በሌላ ቦታ የተጻፈ መልስ አለ እንላለን። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ የሶሻሊስቱ ኤኮኖሚ ቀርቶ ቅይጥ ኤኮኖሚ እንዲሆን አስታወቁ። ሕገ መንግሥቱ ከጸና ሦስት ዓመት ከጥቂት ቀን መሆኑ ነው። ከሁሉ በፊት ቃሉን የመለሰው እንግዲህ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ሳይሆን ረቂቁን ያቀረበው መንግሥት ነበር። ይህ ከተነገረ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ በመላ አገሪቱ ገበሬዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን እየበተኑ መሬቱንና በሬውን ተካፈሉ፤ በመንደር ምሥረታ የተሰበሰቡትም ብዙዎቹ ቤታቸውን አፍርሰው ወደ ቀድሞው ቀዬአቸው ተመለሱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ የቀረው ነገር የሚከለክላቸው መጥፋቱ ብቻ ነበር። በ1979 በካርድ የተናገሩትንና በ1982 በእግራቸው የተናገሩትን አንድ ላይ ያየ ሰው፣ እውነተኛው ድምፅ የትኛው እንደነበር ለመፍረድ የሚቸገር አይመስለንም።

ታዲያ ይህ ጸጸት ነውን? እኛ አይደለም ባዮች ነን። ጸጸት የሚባለው ሰው በገዛ ፈቃዱ ያደረገውን ነገር ኋላ ሲያዝንበት ነው። በግድ ወይም በፍርሃት «እሺ» ያለ ሰው፣ እሺታውን ሲተወው እፎይ ይላል እንጂ አይጸጸትም። ሕገ መንግሥቱም ራሱ ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ቀረ።

ከዚህ የተለየ ምሳሌ የምናገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ነጻ መንግሥት ለመሆን ይፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። 1,100,260 ሰዎች «እወ» ሲሉ 1,822 ብቻ «አይፋልን» አሉ፤ ከመቶ 99.8 እጅ መሆኑ ነው። በኤርትራ ውስጥ ጉዳዩ ከፋፋይ አልነበረም፤ ኢትዮጵያን ግን እጅግ ከፋፈላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በታኅሣሥ ወር 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ተኩስ ተከፍቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከኤርትራ በቀር ያለው ኢትዮጵያዊም በጉዳዩ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም።

ይህ ውሳኔ ደግሞ በሸለቆአችን በር ላይ ያልፋል። ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርሰው መንገድ የወሎ ዋና የንግድ መንገድ ነበር፤ ከኮምቦልቻም በከሚሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። አሰብ የሌላ አገር ወደብ ከሆነ በኋላም መኪናው አልቆመም ነበር። የቆመው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ነው። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬ በባቲ የሚያልፈው ከባድ መኪናም የጅቡቲን ዕቃ ነው የሚጭነው።

በዚያው ሕዝበ ውሳኔ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ 57 ሺህ ያህል ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተው ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ያ ድምፅ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆናቸው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸው። ድምፅ ከሰጡትም ካልሰጡትም ወደ 75 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከኤርትራም በኩል ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ወጡ። ጉዳዩን የመረመረው የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ለሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት ቢያገኙም የኢትዮጵያን አላጡም ነበር፣ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ፍርዱ በወጣ ጊዜ ቤታቸውና ንብረታቸው ከእጃቸው ወጥቶ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነጻነትን በመምረጡ ሳይጸጸት፣ ምርጫው ባስከተለበት ነገር ብቻ ሊያዝን ይችላል። ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ ዘር የዘራውን ገበሬ ለመጣው አንበጣ ተጠያቂ እንደ ማድረግ ይሆናል።

በውጭ አገር ሕዝብን ሁለት ጊዜ መጠየቅ የተለመደ ነው። የኖርዌይ ሕዝብ ከአውሮፓ ማኅበር ይግባ እንደሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ተጠይቆ ከመቶ 53.5 እጁ እምቢ አለ፤ በ1994 ዳግመኛ ተጠይቆ ከመቶ 52.2 እጁ አሁንም እምቢ አለ። የብሪታንያ ሕዝብ ደግሞ በ1975 በማኅበሩ ለመቆየት፣ በ2016 ከኅብረቱ ለመውጣት ወሰነ፤ የኋለኛው ከመቶ 51.9 እጅ በሆነ ጠባብ ብልጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ መጠይቆች ውሳኔው ስሕተት ነበር የሚለው ወገን እየበዛ መሄዱን ያሳያሉ። ነገር ግን «እንውጣ» ካሉት መካከል አብዛኞቹ በአሳባቸው እንደ ጸኑ ናቸው። ቁጥሩን የቀየሩት በከፊል ያን ጊዜ ድምፅ ያልሰጡትና ዕድሜያቸው ያልደረሰው ወጣቶች ናቸው፤ ከመራጮቹም ብዙ ሽማግሌዎች ሞተዋል። ሕዝቡ ተጸጸተ ሲባል እንግዲህ፣ በከፊል ሕዝቡ ሌላ ሕዝብ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ወደ ሸለቆአችን ብናመጣው፣ በ1979 ዓ.ም. ድምፅ ለመስጠት ዕድሜው 18 ዓመት መሙላት ነበረበትና፣ ከመራጮቹ ሁሉ ወጣት የነበረው ሰው ዛሬ ከ55 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሚሴ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥ፣ በጨፋ ሜዳ ከብት የሚጠብቅ፣ በአበጋር ጉባኤ ደም ለማድረቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። የዚያን እሑድ ታሪክ ከነዚህ ሰዎች አፍ ሰብስቦ የጻፈ መጽሐፍ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የለም። በሚመጣው ዓመት የታሪክ ክበባችን በየቀበሌው እየዞረ፣ ፈቃደኛ የሆኑትን ሁሉ ሊጠይቅ አስቧል። የጥያቄው ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው መስመር «ምን መረጡ?» ሳይሆን «ረቂቁን ያነበበልዎ ማን ነበር?» የሚል ነው።