ጄፈርሰንና ማዲሰን የከለከሉት መሣሪያ

(ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

በአሜሪካ «ተማሪ ሽጉጥ ታጥቆ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሀገሪቱ መሥራቾች ስም ይጠራል። «መሣሪያ መያዝ አባቶቻችን ያወረሱን መብት ነው» ይባላል። ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መኖሩ እውነት ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እነዚያው አባቶች ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁሙ ምን ዓይነት ደንብ እንዳወጡ እንይ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1824 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ተሰበሰበ። ግቢው ገና ተማሪ አልተቀበለም። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ነበሩ፤ የነጻነት አዋጁን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰንና የመብት ማሻሻያዎቹን ለኮንግረስ ያቀረበው ጄምስ ማዲሰን። በዚያ ስብሰባ ከጸደቁት ደንቦች አንዱ ተማሪ በግቢው ውስጥ ምንም ዓይነት መሣሪያም ሆነ ባሩድ እንዳይዝ ይከለክላል። መብቱን ያቀረበው ማዲሰን ራሱ ክልከላውን ካጸደቁት አንዱ ነው፤ ሁለቱ የተጋጩበት አይመስልም።

ይሁን እንጂ ደንቡ ተአምር አልሠራም። በ1840 ተማሪዎች በዚያው ግቢ ሲረብሹ የሕግ ፕሮፌሰሩ ጆን ዴቪስ ጭምብል ያጠለቀ ተማሪ ሊይዙ ሲሞክሩ በሽጉጥ ተመትተው ሞቱ። «ወረቀት ላይ የሰፈረ ክልከላ ጥይት አያቆምም» የሚሉ ሰዎችም እንግዲህ ከታሪክ ማስረጃ አያጡም።

ወደ ቴክሳስ እንሂድ። ኦገስት 1 ቀን 1966 ቻርልስ ዊትማን የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛና የምህንድስና ተማሪ፣ ሌሊት እናቱንና ሚስቱን ገድሎ፣ ቀን ኦስቲን ከተማ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጣ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያገኘውን ሁሉ ተኮሰበት። ከአሥር በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ።

በዚያ ቀን ተራ ሰዎች የራሳቸውን ጠመንጃ አምጥተው ወደ ማማው ተኮሱ። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች ይህን አንድ ታሪክ በሁለት መንገድ ያነቡታል። አንዱ ወገን «ገዳዩ አንገቱን ቀና እንዳያደርግ ያደረገው የሕዝቡ ተኩስ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ማማው ላይ ወጥተው ዊትማንን የገደሉትን ፖሊሶች፣ ራሚሮ ማርቲኔዝንና ሂውስተን ማኮይን ያስታውሳል፤ ከታች የሚመጣው ጥይት ለእነሱም ሞት ነበር። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። አንድ ጠመንጃ በአንድ ሰዓት ውስጥ መከታም አደጋም መሆን ይችላል።

ሕጉ መለወጥ የጀመረው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2004 የዩታ ምክር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃድ ያለውን ሰው እንዳይከለክሉ ደነገገ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ «በግቢዬ እኔ ልወስን» ብሎ ተከራከረ፤ በ2006 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ 32 ሰዎች ሲገደሉ ክርክሩ በመላ ሀገሪቱ ተቀጣጠለ።

በ2015 ተራው የቴክሳስ ሆነ። አዲሱ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ደብቆ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች እንዲገባ ፈቀደ። ግቢዎቹ የተወሰኑ ቦታዎችን መከልከል ይችላሉ፤ ጠቅላላውን ግን አይችሉም። ከተቃወሙት አንዱ የዩኒቨርሲቲዎቹ የበላይ ኃላፊ ዊልያም ማክሬቨን ነበሩ። ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩ አድሚራል ናቸውና መሣሪያ አያውቁም የሚላቸው የለም። አልተሰሙም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው፤ የማማው እልቂት ልክ 50ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይኸው ሕግ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እንዲወስኑ ተወላቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል «በእኛ ግቢ አይገባም» አሉ። የመምረጥ ዕድል ያልተሰጣቸው የመንግሥቶቹ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሽጉጥ ያድናል ወይስ ያጠፋል የሚለው አይደለም፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ሬሳ አለው። ጥያቄው ማን ይወስን ነው። በ1824 የወሰነው የግቢው ቦርድ ነበር። ዛሬ የሚወስኑት ክፍል ገብተው የማያስተምሩ፣ ውጤት ተበላሸብኝ ብሎ ከተቆጣ ተማሪ ጋር በአንድ ጠባብ ቢሮ የማይቀመጡ ፖለቲከኞች ናቸው።

ዳላስና ሂውስተን ላሉ ወገኖቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ልጆቻቸው በእነዚህ ግቢዎች ይማራሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የአባቶችን ስም ለክርክር የሚጠራ ሰው፣ አባቶች ለገዛ ግቢያቸው ያወጡትን ደንብም አብሮ መጥራት የለበትም?