ጋራርድ፦ የብሪታንያ ነገሥታት አንጥረኞች

ጋራርድ የተባለውን የለንደን የጌጣጌጥና የብር ዕቃ ቤት የመሠረተው ጆርጅ ዊክስ የተባለ ብር ሠሪ ነው። ዊክስ በ1722 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሙያ ምልክቱን በከተማዋ የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር አስመዘገበ፤ በ1735 ደግሞ በሄይማርኬት አቅራቢያ ሱቅ ከፈተ። አልጋ ወራሹ ልዑል ፍሬድሪክ ደንበኛው ነበር። በዘመኑ የብር ሳህንና ማንኪያ ለመኳንንቱ የገበታ ክብር ብቻ ሳይሆን፣ ሲቸግር ቀልጦ ገንዘብ የሚሆን ጥሪትም ነበር።

ሮበርት ጋራርድ በ1792 በሽርክና ገባ፤ በ1802 ድርጅቱን ለብቻው ያዘ። በ1818 ሲሞት ሥራው ለልጆቹ ተላለፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1843 ድርጅቱን የዘውድ ጌጣጌጥ ሠሪ አድርጋ ሾመችው። በ1848 የሠራው የብር ዋንጫም ከሦስት ዓመት በኋላ «አሜሪካ» የተባለች ጀልባ አሸንፋ ስለወሰደችው፣ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ዋንጫ እየተባለ ይጠራል።

የድርጅቱ ከባድ ፈተና ኮሂኑር አልማዝ ነበር። እንግሊዞች በ1849 ፑንጃብን ሲይዙ የወሰዱት ይህ አልማዝ በ1851 በለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ቢቀርብም ድምቀቱ ሕዝቡን አላረካም። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት እንደገና እንዲቀረጽ ስለፈለገ፣ በ1852 ጋራርድ ከአምስተርዳም ባለሙያዎች አስመጥቶ በእንፋሎት ሞተር በሚዞር መፍጫ አስቀረጸው። የአልማዙን የመጀመሪያ ገጽታ ከመፍጫው ያስነካው የዌሊንግተኑ መስፍን ነበር። ሥራው ሲያበቃ ከ191 ካራት የቀረው 105.6 ብቻ ነው፤ አልማዙ ብርሃን አገኘ፣ ክብደቱ ግን በእጅጉ ቀነሰ።

ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ንግሥናው በዴልሂ ወደሚታወጅበት ሥነ ሥርዓት ሲሄድ የአገሩን ዘውድ ከብሪታንያ ይዞ መውጣት ስላልቻለ፣ ጋራርድ ከ6,000 በላይ አልማዝ ያለበት የሕንድ ዘውድ ሠራለት። ንጉሡ ክብደቱ ራሱን እንዳሳመመው በማስታወሻው ጽፏል። በ1937 ደግሞ ኩሊናን ከተባለው ጥሬ አልማዝ የተገኘው የ317 ካራት አልማዝ ያረፈበት የመንግሥት ዘውድ ተሠራ። ልዕልት ዲያና በ1981 የታጨችበት የሰንፔር ቀለበትም የዚሁ ቤት ሥራ ነው።

ድርጅቱ በ1998 አስፕሪ ከተባለ የጌጣጌጥ ድርጅት ጋር ተዋሐደ፣ በ2002 ተለያየ፤ በ2007 ደግሞ የዘውድ ጌጣጌጥ ሠሪነቱ ሹመት ወደ ሌላ ባለሙያ ዞረ። ሹመቱ ቢያልፍም ሥራው አላለፈም፤ የ1937ቱን ዘውድ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በ2023 ከዘውድ በዓሉ ሲወጣ ደፍቶታል።