በእንግሊዝ አገር ለትምህርት ቤት ሸንጎ ስለ መመረጥ የሆነ ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ከ1870 ዓመት አስቀድሞ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የድኻ ልጅ ፊደል የሚቈጥርበት ቤት ይልቁንም የአብያተ ክርስቲያናትና የማኅበሮቻቸው ነበረ። የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወገኖች በ1811 ብሔራዊ ማኅበር የተባለውን አቆሙ፤ ከርስዋ የተለዩትም ክርስቲያኖች የየራሳቸውን ትምህርት ቤት ያቆሙ ነበር። መንግሥትም ከ1833 ጀምሮ በገንዘብ ይረዳቸው ጀመር፤ መጀመሪያ የተሰጠው 20,000 ፓውንድ ነው። ነገር ግን በየፋብሪካው ከተማ ሕዝብ እየበዛ ስለ ሄደ የተሠራው ቤት ለልጆቹ ሁሉ አልበቃም፤ ብዙው ሕፃን በመንገድ ዋለ።

ስለዚህ ዊልያም ፎርስተር የተባለው ሹም ያቀረበውን የትምህርት ሕግ ፓርላማው በ1870 አጸናው። ሕጉም ትምህርት ቤት ባነሰበት አገር ሁሉ ግብር ከፋዩ ሕዝብ የትምህርት ቤት ሸንጎ ይምረጥ አለ። የሸንጎው ሰዎች ከ5 እስከ 15 ናቸው፤ በሎንዶን ግን 49 ሆኑ። ዘመናቸው ሦስት ዓመት ነው። ለትምህርት ግብር ለማስጣል፥ ቤት ለመሥራት፥ መምህር ለመቅጠር ሥልጣን ተሰጣቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣው ዐሥራ አራተኛው አንቀጽ ነው። በሸንጎው ትምህርት ቤት የአንድ ሃይማኖት ወገን ብቻ መለያ የሆነ የሃይማኖት መጽሐፍ እንዳይማሩበት ከለከለ። መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ ወይስ አይነበብ የሚለውን ግን ለሸንጎው ተወው። ነገሩ ሰሙን ለሁሉ ሰጥቶ ወርቁን እንደ ሸሸገ ቅኔ ሆነ፤ ሁሉም ወገን ለራሱ በሚመቸው ፈታው። ፈቺውም በሸንጎው ወንበር የሚቀመጠው ሰው ስለ ሆነ፥ ካህኑም ነጋዴውም የእጅ ሠራተኛውም ለዚያ ወንበር ተሽቀዳደሙ።

የምርጫውም ሥርዓት እንግዳ ነበረ። እያንዳንዱ መራጭ በወንበሩ ቍጥር ልክ ድምፅ አለው፤ ያንንም ለብዙዎች ቢያከፋፍል ወይም ጠቅልሎ ለአንዱ ቢሰጥ ተፈቅዶለታል። ይህ የተደረገው ጥቂት የሆነው ወገን ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው። በበርሚንግሐም ከተማ ግን የሥርዓቱን ምሥጢር ያላስተዋሉ ሰዎች ጉድ ሆኑ። በዚያ 15 ወንበር ነበረ፤ የሊበራል ወገኖች ሁሉን እንወስዳለን ብለው 15 ሰው አቀረቡ፤ ድምፃቸውም በ15 ተበታተነ። የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወገኖች 8 ብቻ አቅርበው ስምንቱም ገቡ። ካቶሊኮች ጥቂት ሳሉ ድምፃቸውን ሁሉ በአንድ ቄስ ላይ ስላከማቹ፥ እርሱ ሁሉን በልጦ ተመረጠ። ለሊበራሎቹ የቀረላቸው 6 ወንበር ነው። በ1873 ግን ትምህርቱ ገብቷቸው 8 ብቻ አቀረቡና ስምንቱም ተመረጡ፤ ጆሴፍ ቻምበርሌይንም የሸንጎው አለቃ ሆነ። ስግብግብነትን የሚቀጣ እንዲህ ያለ ሒሳብ በሌላ ምርጫ እምብዛም አይገኝ።

ሌላው ድንቅ የሴቶች ነገር ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ሴት ለፓርላማ ልትመርጥ አልተፈቀደላትም፤ የተፈቀደላትም በ1918 ነው። ለትምህርት ቤት ሸንጎ ግን ግብር ከፋይ የሆነች ሴት ትመርጥ ነበር፤ ልትመረጥም ትችል ነበር። በማንቸስተር ሊድያ ቤከር በ1870 ተመርጣ እስከ ሞተችበት እስከ 1890 ድረስ ከወንበሩ አልወረደችም። በሎንዶንም በግሪኒች ክፍል ኤሚሊ ዴቪስ፥ በሜሪልቦን ክፍል ሐኪሚቱ ኤልሳቤጥ ጋሬት ቀረቡ።

ኤልሳቤጥ ጋሬት በ1865 የሕክምና ፈቃድ ያገኘች፥ በ1870 በፓሪስ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለች ናት። ድኾች ሴቶችና ሕፃናት የሚታከሙበት ቤት ከፍታ ነበርና፥ እንድትወዳደር የለመኑዋት የዚያው ሰፈር ሠራተኞች ናቸው። ድምፁ በተቈጠረ ጊዜ 47,858 ሆነላት፤ በሎንዶን ሁሉ ይህን ያህል ያገኘ የለም። (አንባቢ ልብ ይበል፤ አንዱ መራጭ ብዙ ድምፅ ስላለው ቍጥሩ የሰው ቍጥር አይደለም።) በዚያው ክፍል ሁለተኛ የወጣው ስመ ጥሩው የተፈጥሮ ሊቅ ቶማስ ሀክስሊ ነው፤ ለርሱ የተሰጠው 13,494 ነበረ።

ሀክስሊ በሃይማኖት ነገር ተጠራጣሪ ስለ ነበረ መጽሐፍ ቅዱስን ከትምህርት ቤት ያስወጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እርሱ ግን ይነበብ ብሎ ተናገረ፤ የሕዝቡ ጠባይና ቋንቋ ከመጽሐፉ ጋራ ተጣብቆ የኖረ መሆኑን አይቶ ነው። በ1871 የሎንዶን ሸንጎ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብ፥ ለልጆቹም ዕድሜ የሚስማማ ትርጓሜ እንዲሰጥ፥ ወደ አንዱ ወገን መሳብ ግን እንዲቀር ወሰነ።

ይህ ስምምነት ከሃያ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። ከዚያ በኋላ አትልስታን ራይሊ የተባለ የሸንጎው ሰው መምህራን ሁሉ የክርስቶስን አምላክነትና ምሥጢረ ሥላሴን እንዲያስተምሩ ተከራከረ፤ በ1894ም ይህን የሚል ደብዳቤ ለመምህራን ተላከ። ከ3,000 በላይ የሚሆኑ መምህራን፥ ይህስ ሃይማኖታችንን መመርመር ነው፤ ትእዛዙ ከጸና ከሃይማኖት ትምህርት አሰናብቱን ብለው መለሱ። ምሥጢረ ሥላሴ ደቀ መዝሙር ከመምህር እግር ሥር በዓመታት የሚያቀናው ትምህርት ነው እንጂ በሸንጎ ድምፅ ተቈጥሮ በደብዳቤ የሚታዘዝ አይደለም፤ የራይሊ ወገኖች በዚህ ተሳሳቱ። የዚያው ዓመት ምርጫ እጅግ የጋለ ሆነ፤ እነርሱም በጥቂት ወንበር ብልጫ አለፉ፤ በ1897 ግን ተሸነፉ።

በ1902 የወጣው ሕግ ሸንጎዎቹን ሁሉ ሻረ፤ የሎንዶኑም በ1904 ቀረ። ሥራቸው ወደ አገሩ ምክር ቤቶች ተላለፈ፤ ለነዚህ ምክር ቤቶች ግን ሴት መመረጥ አትችልም ነበር። ሠላሳ ዓመት በሕዝብ ድምፅ ሲመረጡ የኖሩት ሴቶች ከዚያ ወዲያ በትምህርት ኮሚቴ የሚቀመጡት ወንዶቹ ሲሾሙዋቸው ብቻ ሆነ። ደጁ የተከፈተው በ1907 በወጣው ሕግ ነው። በ1908ም ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን በ72 ዓመቷ ባደገችበት በአልድበርግ ከተማ ከንቲባ ሆና ተመረጠች፤ ከርስዋ በፊት በዚያ ወንበር ተቀምጦ የነበረው በሜሪልቦን ምርጫ ጊዜ ያገለገላት፥ በኋላም ያገባት ባልዋ ጄምስ አንደርሰን ነው።