ሥዕልን ወደ ብረት ያሻገረው ወረቀት

የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ የጅማ ማተሚያ ቤቶችና ፎቶ ቤቶች ፋታ አያገኙም። ከቦሳ አዲስ ከተማ እስከ ሂርማታ መርካቶ የተመራቂ ፎቶ ያለበት አሉሚኒየም፣ የመሥሪያ ቤት የምስጋና ሰሌዳ፣ ለጡረተኛ የሚሰጥ ማስታወሻ ይታዘዛል። ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ፎቶው በልዩ ቀለም ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል፤ ወረቀቱ ከብረቱ ጋር ፊት ለፊት ይገጠማል፤ የጋለው ሂት ፕሬስ ይጫነዋል። አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕሉ ብረቱ ላይ አርፏል።

ሰብሊሜሽን የሚባለው ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ይወሰዳል። ቀለሙና ማሽኑ በእርግጥ አዲስ ናቸው። ሥዕልን በቅድሚያ ወረቀት ላይ አትሞ ከዚያ ወደ ብረት የማሻገር ሐሳብ ግን ከ270 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ማን ጀመረው የሚለውም ሁለት የእንግሊዝ ከተሞችን ሲያከራክር ኖሯል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ መዳብን በኢናሜል ለብጦ በምድጃ ማቃጠል የታወቀ ሙያ ነበር። የሱረት ሣጥን፣ የሽቶ ዕቃ፣ የሻማ መቅረዝ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ችግሩ ሥዕሉ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በሠዓሊ እጅ አንድ በአንድ መሣል ነበረበት። ይህን ያሳጥራል የተባለውን ዘዴ ይዞ ብቅ ያለው ጆን ብሩክስ የተባለ የደብሊን ሰው ነው። ብሩክስ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። በኋላ ለንደን ውስጥ ስማቸው የገነነውን ጄምስ ማክአርዴልንና ሪቻርድ ሂውስተንን ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው።

ብሩክስ ወደ በርሚንግሃም ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1751 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ያመለከተው ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕልን አንሥቶ በኢናሜልና በሸክላ ላይ ማተም የሚያስችል ዘዴ አግኝቻለሁ ብሎ ነው። ፓተንቱ አልተሰጠውም። በ1753 በለንደን አጠገብ በባተርሲ፣ ዮርክ ሃውስ በተባለው ቤት፣ ከባለሀብቱ እስቲቨን ቴዎዶር ጃንሰንና ከደብሊኑ ሸክላ ሠሪ ከሄንሪ ዴላሜይን ጋር ሥራ ጀመረ። ማመልከቻውን ደጋግሞ ቢያስገባም ምላሹ አልተለወጠም። ጃንሰን በ1756 መጀመሪያ ላይ ከሰረ፤ የባተርሲም ሥራ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ክረምት ከሊቨርፑል ሌላ ድምፅ ተሰማ። ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የተባሉ አታሚዎች ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሐምሌ 27 ቀን 1756፣ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ማንም ሳያግዛቸው፣ ከ1,200 በላይ የግድግዳ ሸክላ ማተማቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ዘዴውን ለማግኘት ከሰባት ዓመት በላይ እንደለፉም ገለጹ። ሊቨርፑሎች ለዚህ የሚያምር ተረክ አላቸው። ሳድለር የተበላሹ ሕትመቶችን ለልጆች ይሰጥ ነበር፤ ልጆቹም በሸክላ ስባሪ ላይ ሲለጥፏቸው አይቶ ሐሳቡ ብልጭ አለለት ይባላል። ዝናው እየሰፋ ሄዶ ታላቁ ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ሳይቀር ዕቃውን ለኅትመት ወደ ሊቨርፑል ይልክ ነበር።

የሊቨርፑል ደጋፊዎች ስሌት ይህ ነው፦ ከ1756 ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር 1749 ይመጣል፤ ይህም ከብሩክስ ማመልከቻ ይቀድማል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰባቱ ዓመታት የፍለጋ ዓመታት መሆናቸውን የተናገሩት ራሳቸው ሳድለርና ግሪን ናቸው፤ መፈለግና ማግኘት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ብሩክስ ዘዴውን በጽሑፍ ያስታወቀው ከመሐላው አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። ምስክርም አለው። ደራሲው ሆራስ ዋልፖል በ1755 ለወዳጁ ለሪቻርድ ቤንትሊ አንዲት የሱረት ሣጥን ሲልክ፣ በመዳብ ሰሌዳ የሚሠራው አዲሱ የባተርሲ ምርት ናሙና መሆኗን ጽፎለታል። ይህ ሊቨርፑሎች ከመማላቸው አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሳድለርና ግሪን ዘዴውን ወደ ትልቅ ንግድ አሳደጉት፤ ያ ክብር ይገባቸዋል። ሥዕልን በወረቀት አሻግሮ ኢናሜል በለበሰ ብረት ላይ በማሳረፍ ግን ቀዳሚው ፓተንት የተነፈገው ብሩክስ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘዴው በእንግሊዝ የሸክላ ፋብሪካዎች ተስፋፍቶ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በብረት በኩል የሚጠቀሰው ዓመት 1875 ነው። ያኔ ሮበርት ባርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቀለምን ከድንጋይ ሰሌዳ አንሥቶ በካርቶን በተሸፈነ ጥቅል አማካይነት ቆርቆሮ ላይ የሚያትም ማሽን ፓተንት አወጣ። ዛሬ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚታተምበት ኦፍሴት የዚህ የቆርቆሮ ማሽን ዘር ነው።

ወደ ዘመናችን የሚያቀርበን ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሩቤ በተባለችው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ሲሠራ አንዳንድ ማቅለሚያዎች 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርሱ ሳይቀልጡ በቀጥታ ወደ ጋዝ እንደሚለወጡ፣ ጋዙም ወደ ፖሊስተር ውስጥ ዘልቆ እንደሚቀር አስተዋለ። አቅላሚዎች ይህን የማቅለሚያዎች ጠባይ የሚያውቁት ጨርቅ የሚያበላሽ ጣጣ አድርገው ነበር። ደ ፕላስ ማቅለሚያውን ወረቀት ላይ አሳርፎ ጣጣውን ወደ ኅትመት ዘዴ ለወጠው። በ1970ዎቹ የፖሊስተር ልብስ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ዘዴው ኢንዱስትሪ ሆነ። በኋላ ኮምፒውተርና ኢንክጄት ሲጨመሩበት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሙያ ሆኖ ወደ እኛም ከተሞች ደረሰ።

ከብሩክስ እስከ ደ ፕላስ ያልተለወጠው ነገር ወረቀቱ ነው። የእኛ ባለሙያዎች ስለ ማሽን ዋጋና ስለ ቀለም ዓይነት ብዙ ይነጋገራሉ፤ ወረቀቱን ግን ብዙዎች ገበያ ላይ የተገኘውን ይገዛሉ። ውጤቱ የሚለየው ግን እዚያ ላይ ነው።

ብረት ለብቻው ማቅለሚያውን አይቀበልም። አሉሚኒየሙ ፖሊስተር ወይም ተመሳሳይ ፖሊመር የተቀባ መሆን አለበት፤ ጋዙ የሚገባው ወደዚያ ልባስ ነው። ብረት ግትርና ለስላሳ ስለሆነ ወረቀቱም ዝርግ ሆኖ የሚቀመጥ መሆን ይኖርበታል። በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 120 ግራም የሚመዝን ወረቀት ቀለም ሲጠጣ በቀላሉ አይጨማደድም፤ ስለዚህ ለሰሌዳ ሥራ ይመረጣል። ስስ ወረቀት በጥቅል ለሚታተም ጨርቅ የተሠራ ነው። ለሚለጠጥ ጨርቅ ተብሎ የሚሸጠው ሙጫ ያለው ወረቀት ብረት ላይ ሙጫውን ሊተው ስለሚችል መራቅ ይሻላል። ለጥጥ ካናቴራ የሚሸጠው ትራንስፈር ወረቀት ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው፤ እሱ የሚያሳርፈው ስስ ላስቲክ እንጂ ጋዝ የሆነ ማቅለሚያ አይደለም። ተራው የቢሮ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚጠጣ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ጥሩ ወረቀት የሚታወቀው በሚለቀው ቀለም መጠን ነው። ወረቀቱ ላይ ሥዕሉ የደበዘዘ ቢመስል አያስደነግጥም፤ ፍርዱ ከጭነት በኋላ ነው። አንድ ዓይነት ፎቶ በሁለት ወረቀት አትሞ፣ በእኩል ሙቀትና በእኩል ሰዓት ተጭኖ፣ ጥቁሩንና የፊት ቆዳ ቀለሙን ማወዳደር ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። ለአሉሚኒየም ብዙውን ጊዜ ከ195 እስከ 205 ዲግሪ ሙቀትና ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይበቃል፤ የሰሌዳው አምራች የጻፈው ካለ ግን የሚከበረው እሱ ነው። ወረቀቱ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ካልተያዘ ሲነሣ ይንሸራተትና ከሥዕሉ ጎን ሌላ ጥላ ይተዋል።

ከሁሉ የከፋው የጅማ ፈተና እርጥበት ነው። ለሸክላ ኅትመት በኋላ በተለመደው አሠራር ስሱ ወረቀት በሳሙና ውኃ ይረጥብ፣ ሥዕሉ ከተሻገረ በኋላም ታጥቦ ይነሣ ነበር፤ እርጥበት የሙያው ረዳት ነበር። ለሰብሊሜሽን ግን ጠላት ነው። በወረቀቱ ውስጥ የተደበቀ ውኃ በ200 ዲግሪ እንፋሎት ሆኖ ሲያመልጥ ማቅለሚያውን ይበትነዋል፤ ሰሌዳው ላይ ነጠብጣብና የቀለም መዛባት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ የምረቃው ትእዛዝም አብዛኛውን ጊዜ ከክረምቱ ጋር ይገጥማል። የአጋሮና የሊሙ ቡና አቅራቢ እርጥበቱ ከ12 ከመቶ ያለፈ ቡና ጎተራ እንደማያስገባ ሁሉ፣ አታሚውም እርጥብ ወረቀት ማሽን ውስጥ ማስገባት የለበትም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወረቀቱ ከነፕላስቲኩ ታሽጎ፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ፣ በአግድም ይቀመጥ። ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይውጣ። ከታተመ በኋላ ቀለሙ በደንብ ይድረቅ። ሰሌዳው መከላከያ ፕላስቲኩ ተልጦ ለጥቂት ሰከንድ ይሙቅ፤ ከላይም ንጹሕ መሸፈኛ ወረቀት ይደረግ። ደንበኛውም እውነቱ ይነገረው፦ ይህ ኅትመት በቤት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከደጅ ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ግን ይደበዝዛል። ስለዚህ ለሱቅ በር ማስታወቂያ አይሆንም።

በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶም ሆነ የአንድ ገበሬ ልጅ የምረቃ ቀን ምስል በተገቢው ሁኔታ ታትሞ መቆየት ይገባዋል። የጅማና የአካባቢዋ አታሚዎች፣ ለሚቀጥለው የምረቃ ሰሞን አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት የወረቀታችሁን ዓይነትና ማስቀመጫውን አስተካክሉ።