ሰልፍ፣ ወረፋና ድልድል

አንድን የውጭ ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንነሣ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠራችን በፊት ሕዝቡ ያንኑ ተግባር በምን ስም ሲጠራው እንደ ኖረ መመርመር ይገባናል። የብዙ ሰዎችን ሥራ ለተያያዙ ኮምፒዩተሮች የማከፋፈል ዘዴ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በናሳ ውስጥ ተራ ኮምፒዩተሮችን አያይዘው ቤዎውልፍ የተባለውን ክላስተር ሠሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ስለርም የተባለው ሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም ተጀመረ። «ክላስተር»ን ግብርናችን «ኩታ ገጠም» ብሎ ተርጉሞታል፤ ማሳው የየባለቤቱ ሆኖ እንደ አንድ ይታረሳልና። ለኮምፒዩተሩም ይስማማል።

የሚያከራክረው የተጠባባቂ ሥራዎች ስያሜ ነው። «ሰልፍ» በግእዝ ጦርነት ማለት ነበር፤ ኋላ ለሰላማዊ ሰልፍም ለቀበሌ ሱቅ ደጅም ዋለ። ሆኖም የቆሙ ሰዎችን መደዳ ያሳያል፤ የቀደመ ይቅደም ያሰኛል። ስለርም ግን የድርሻ ሚዛንን ያያል፤ ቀዳሚውን ካላዘገየም ትንሹን ሥራ በክፍተቱ ያስገባል።

በሽሮ ሜዳ የሽመና ዕቃ ላይ የተወጠረ ድር ተሸምኖ ሳያልቅ ሌላ ድር አይወጠርም። በበዓል ሰሞን ትእዛዝ ሲበዛ ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በአካል አይቆምም፤ ወረፋው ግን ተይዟል። እንግዲህ «ወረፋ» ከ«ሰልፍ» ይሻላል። ወረፋውን የሚመራውን ፕሮግራም «ሥራ ደልዳይ» ብንለው፣ መሥሪያ ቤቶች በሚያውቁት «ድልድል» ላይ ይቆማል።

የገደቦቹ ስያሜ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። በዩኒክስና በሊኑክስ ሁለት ዓይነት ገደብ አለ፦ አንዱን ተጠቃሚው ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ሲሆን፣ ከፍ የማድረጉ ሥልጣን የአስተዳዳሪው ነው። እነዚህን «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» ብሎ ቃል በቃል መመለስ ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ ይሰውራል፤ ያልተረዳው ሰው የቀናት ስሌቱ መካከል ላይ ሲቋረጥበት ምክንያቱን አያገኝም። «ገደብ» እና «ጣሪያ» ብንል ግን፣ የዋጋ ጣሪያን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ስያሜ የሚጸናው ተጠቃሚው ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች እነዚህን ቃላት በሥራ ላይ አውለው እንዲፈትኗቸው እናሳስባለን።